ሦስተኛውን ደወል ስጠብቅ

እኔ፣ የሰበታ ሰው ኦቦ ደበላ የሚለኝ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በወጣትነቴ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ስሸከም፣ ሻንጣው ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ነው። አማርኛውንም ፈረንሳይኛውንም እንደዚያ ለቀምኩት። ዛሬ በሰፈራችን ማመልከቻ የሚያጽፍ ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው። የባቡር ነገር ሲሆንማ ከእኔ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ያልረሳሁት የዘይነባ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ ነው።

ዘይነባ ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት የድሬዳዋ ሴት ናት። እናቷ እዚያው ድሬዳዋ በጠና ታመሙና ወንድሟ «ቶሎ ድረሺ» ብሎ ደወለላት። በአውቶቡስ ልትሄድ ስትል ከለከልኳት።

«ባቡር እያለ ምን አንገላታሽ? ነገ ማታውኑ እናትሽ አጠገብ ነሽ። እኔው ራሴ አሳፍርሻለሁ» አልኳት። ትኬቱንም ቆረጥኩላት።

በማግስቱ ጠዋት ፉሪ አዲሱ ጣቢያ ስንደርስ ገና ጊዜ ነበረን። ከግቢው ውጭ ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ተቀመጥንና የለገሃርን ታሪክ ጀመርኩላት። በእኛ ጊዜ ሦስት ጊዜ ይደወል ነበር። በመጀመሪያው ሻይህን ታዛለህ፣ በሁለተኛው ትጨርሳለህ፣ በሦስተኛው ትሳፈራለህ። ተሸካሚው ሻንጣህን እስከ ወንበርህ ያደርስልሃል፤ ዘመድ በመስኮት ይስምሃል።

ሻይ ሻጯ ሳቀች። «አባባ፣ ሐዲዱን የዘረጉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ሐዲዱን አልዘረጋሁም፤ በሐዲዱ የመጣውን ሁሉ ግን ተሸክሜዋለሁ!»

የዘይነባ ዓይን ከበሩ አልተነቀለም። «ኦቦ ደበላ፣ ሰዉ እኮ እየገባ ነው። እንግባ በአላህ!»

«ተረጋጊ ልጄ። ደወሉ መች ተደወለና!»

ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኳት። ታላቅ ተናግሮ ማን ይከራከራል?

በኋላ ሻይ ሻጯ ራሷ «እናንተ አትሄዱም እንዴ?» አለችን። ብድግ ብለን ስንደርስ በሩ ተዘግቷል።

«ፍተሻው አልቋል አባቴ» አለኝ ጥበቃው። «ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት በሩ ይዘጋል። ትኬቱ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ደወሉስ?»

«የምን ደወል?»

ትኬቱን ገለበጥኩት። እውነትም ተጽፏል። ማንበብ አውቃለሁ የምል ሰውዬ አላነበብኩትም።

በአማርኛ ለመንኩት፣ በኦሮምኛ ለመንኩት። ቢጨንቀኝ ፈረንሳይኛም ጀመርኩ። ጥበቃው አዘነልኝ እንጂ አልከፈተልኝም። ዘይነባ የብረቱን ፍርግርግ ይዛ ቆመች። ባቡሩ ጭስ የለው፣ ደወል የለው፣ ተንሸራቶ ሄደ።

ቀጣዩ ባቡር ከነገ ወዲያ ነው ተባልን። የዕለቱ አውቶቡስ ጎህ ሲቀድ ወጥቷል። አውሮፕላን ጠየቅን፤ ቦታ የለም። ዘይነባ በማግስቱ ንጋት በአውቶቡስ ሄደች። አዋሽ ስትደርስ ወንድሟ ደወለላት። እናቷ ሌሊቱን አርፈው ረፋዱ ላይ ተቀብረዋል፤ በእስላም ወግ ቀብር አይቆይም። ማታውን «ዘይነባ መጣች ወይ?» ሲሉ ነበር አሉ። ባቡሩ እኮ በዚያ ማታ ደርሷል።

ስትመለስ ለቅሶ ልደርሳት ሄድኩ። «አላህ ያለው ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የትኬቱን ማሳሰቢያ በትልልቅ ፊደል በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፌ በሻይ ሻጯ ዳስ ላይ ለጥፌአለሁ፤ ዝናብ ባበላሸው ቁጥር እኔው አድሰዋለሁ። የሰፈራችንን ሰዎች እየወሰድኩ አሳፍሬአለሁ፤ አሥራ አንድ ደርሰዋል፣ ባንዳቸውም ላይ በር አልተዘጋም። አንዲት እግራቸው የማይታዘዝላቸው እናት ነበሩ፤ እሳቸውን ሰዉ ሳይመጣ ቀድሜ አድርሻለሁ።

በቀደም ዘይነባ ወንድሟን ልትጠይቅ ስትነሳ በባቡር ላሳፍራት ለመንኳት። «አይድከሙ ኦቦ ደበላ» አለችኝና በአውቶቡስ ሄደች።

ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያው ተሸክሜላታለሁ።