ያስቆምኳት ሄሊኮፕተር

አባቴ ምናለሽ ተራ ገበያ ውስጥ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። እኔ ደግሞ በሽተኛ የምታመላልስ ሄሊኮፕተር መካኒክ ነኝ። አባቴ ይህን ያልነገረው ሰው ስለሌለ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ከታክሲ ስወርድ የማላውቃቸው ነጋዴዎች ሳይቀሩ "የሄሊኮፕተሯ!" እያሉ ይጠሩኛል።

አንድ ጠዋት ከገጠር ስልክ ተደወለ። ምጥ የጠናባት ሴት እንድናመጣ ነበር። አብራሪው ቸኩሏል፤ ነርሷ ገብታ ተቀምጣለች። እኔም ሞተሩን ፈትሼ፣ ክዳኑን ዘግቼ ለበረራ ዝግጁ ናት ብዬ ፈረምኩ። ሞተሩ ተነሥቶ የላዩ ክንፍ መሽከርከር ሲጀምር የዕቃ ሳጥኔን ልዘጋ ጎንበስ አልኩ። የአጭሯ ካቻቢቴ ቦታ ባዶ ነው።

ኪሴን ዳበስኩ። የለችም። ደንቡ ከመፈረም በፊት ዕቃን መቁጠር ነው፤ እኔ ሳልቆጥር ፈርሜያለሁ። ዝም ብል ምናልባት ምንም አይፈጠርም። ያቺ ሴትም እየጠበቀች ነው። ግን ካቻቢቴዋ ከመሪው ዘንጎች መሀል ገብታ አየር ላይ መሪውን ብትይዘውስ?

ፊት ለፊት ሮጬ እጆቼን ከራሴ በላይ አጣምሬ የ'አቁም' ምልክት ሰጠሁ። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ካቻቢቴ ረስቼ ዘግቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ክዳኑን ከፈትን። ከዘንጎቹ ሥር ተጋድማለች። አብራሪው አንሥቶ አገላብጦ አያትና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሌላ መካኒክ እንደገና ፈትሾ ፈረመና በረሩ። እናትየዋ ሆስፒታል ደርሳ እሷም ልጇም በሕይወት ተረፉ። ያንን እስክሰማ ከስልኩ አጠገብ አልተነሣሁም።

የሆነውን ሁሉ በገዛ እጄ ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። ለአንድ ወር ከመፈረም ታገድኩ።

ቅዳሜ አባቴ ጋ ሄድኩ። እንደዚያ ሲኮራብኝ ኖሮ ይህን ሲሰማ ምን ሊሰማው ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ነግሬው ስጨርስ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ሌላ ሰው አይቶሽ ነበር?"

"ማንም አላየኝም።"

"አንቺው ነሽ ያስቆምሽው?"

"እኔው።"

ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ጮኸ፦ "ስማ! ልጄ ልትነሣ ያለች ሄሊኮፕተር አስቆመች!"

"አባባ፣ በራሴ ስሕተት እኮ ነው!"

"ሰምቻለሁ። እኔ አያፈስም ብዬ የሸጥኩት ስንት ባልዲ አፍስሷል! ገዢውን ተከትዬ ሮጬ 'መልስልኝ' ያልኩበት ቀን ግን የለም። ሮጦ ማስቆሙ ያንቺ ነው።"

ያን ቀን እስከ አብነት ሰፈር በእግሬ ሄድኩ። በግርግሩ መሀል ተሸካሚዎች "ዞር በይ!" እያሉ ይገፉኛል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ነበር የምራመደው።