በሎሁ ውስጥ የቀረው ቀለም

እንጨት ለስልሶ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። የእንጨት ሥራ መምህር ሆኜ ጅግጅጋ ስመደብ ከልብሴ ሌላ ይዤ የሄድኩት አንዲት ትንሽ ቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረች የምታስቀርጽ ማሽን ነበር። በተከራየሁት ግቢ ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ጥላ ሥር ተከልኳትና ከትምህርት ቤት መልስ እስክሪብቶ እቀርጽባት ጀመር። መብራት ሲኖር ነው ታዲያ፤ ሲጠፋ ተቀምጬ በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ።

በእጄ የሚገባው ጠንካራ እንጨት ቀዳዳ ይበዛበታል። ከላይ ሲያዩት ደልዳላ መስሎ፣ ሲቀረጽ በመርፌ የተወጋጋ ይሆናል፤ እጅ ይቆረቁራል፣ ላብና ቆሻሻ ይይዛል። መድኃኒቱ የራሱን ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሶ ቀዳዳው ላይ ማሸት፣ ሲደርቅ መፈተግ፣ እንደገና ማሸት ነው። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ተማሪዎቼ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ካመጡልኝ አላርምም ብዬ እመልስባቸዋለሁ።

የግቢው ባለቤት ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። አዴር እላቸዋለሁ፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ደግሞ መዓሊን ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። አንድ ቀን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት ከመሃሉ የተሰነጠቀ ሎህ ነው፤ ልጆች ቁርአን ሲማሩ የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ።

«የአባቴ ነው» አሉኝ። «እሱም እንዳንተ መዓሊን ነበር። ሀርሺን አካባቢ ከግመል ጠባቂዎቹ ጋር እየዞረ ልጆች ያስተምርበት ነበር። አሁን ልጄ አስተማሪ ሆና እዚያው ሀርሺን ተመደበች። ቅዳሜ ትሄዳለች። ከዚህ እስክሪብቶ አውጣላት።»

ስንጥቁን ትቼ ስለካው የሚወጣው ሁለት ቁራጭ ብቻ ሆነ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ ብዬ ጀመርኩ።

እንጨቱ ቀላ ያለ፣ ደስ የሚል ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን ጥቁር ናቸው። ክር የመሰሉ ጥቁር መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ጥቀርሻ መሰለኝ። አቅጥኜ ቀረጽኩት፤ አልለቀቀም። እልህ ያዘኝ። በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩት፣ ቀዳዳውን አንድ በአንድ በመርፌ ጎረጎርኩት። የራሱ ሰጋቱራ ስለጠቆረ ጠልቼው፣ ከሌላ ጣውላ ንጹሕ አምጥቼ ደፈንኩትና ቫርኒሽ ቀባሁት። ሐሙስ ከሰዓት ሲደርቅ ፊቴ ይታይበት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብዬ አፌን ሞልቼ አዴርን ጠራኋቸው።

ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ «ጥቁሩስ?» አሉ።

«አጸዳሁት» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

ዓይናቸው መሬት ላይ ነበር፤ ሰጋቱራው ቶርኖዋ ሥር ተበትኗል፣ እኔም በጫማዬ ቆሜበታለሁ። ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩና በመዳፋቸው ይሰበስቡት ጀመር። ክው አልኩ። ያኔም ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ ውሃ በሳህን አምጣ ብለውኝ ያንን ብናኝ ሲጨምሩበት ነው። ውሃው ጠቆረ።

«ቀለም ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ከሰልና ሙጫ። አባቴ ይጽፋል፣ ልጆቹ ያጠናሉ፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይጽፋል። የቁርአን ቃል የታጠበበት ውሃ እንኳ ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ከአባቴ እጅ የቀረኝ ይኼ ጥቁር ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተንበረከክሁና የቀረውን አብረን ለቀምን። ውሃውን አጥሩ ጥግ፣ እግር የማይደርስበት ቦታ አፈሰሱት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሁለተኛውን ቁራጭ አንስተው እጄ ላይ አኖሩት።

«የምትሄደው ቅዳሜ ነው» አሉኝ።

ለሌላ ሰው ይስጡት ልላቸው ነበር፤ ፈርቻለሁ። ግን አላልኩም። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሳቸውን ነጭ ጨርቅ ቶርኖዋ ሥር አነጠፍኩና በባዶ እግሬ ቆሜ ቀረጽኩ። ጥቁሩ ክር ብቅ ሲል እዚያው ላይ አቆምኩ። ልማድ ሆኖብኝ ኮላውን ሁለቴ አነሳሁት፤ ሁለቴም መለስኩት። ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ብቻ ቀባሁት።

«ትንሽ ይቆረቁራል» አልኳቸው ስሰጣቸው።

አውራ ጣታቸውን ደጋግመው አሹበት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የኔም እንደዚያው።

«ይቆርቁራት» አሉ። ጨርቁን ከነሰጋቱራው አጣጥፈው ይዘው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውን ሸኝተው ከመናኸሪያ ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆሙ። ያንን የመጀመሪያውን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና «ይኼ ያንተ ነው» አሉኝ። ስጦታ ይሁን ቅጣት አልጠየቅኳቸውም።

ጅግጅጋን ከለቀቅሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህን የምጽፈው በዚያ እስክሪብቶ ነው። ቫርኒሹ ዛሬም ያበራል፤ እንደዚያ የለሰለሰ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በጻፍኩበት ቁጥር ጣቴ አንዲት ጥቁር ቀዳዳ ፍለጋ ይዳብሰዋል። አንድም አላስቀረሁም።