የአባዬ መጥበሻ

ከደሴ ስመለስ አውቶቡሱ ሐይቅ ላይ ቆመና ልጆች ጥብስ ዓሣ በመስኮት ዘረጉልን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን በነጠላ ያዙ። እኔን ግን ሽታው መርሳ ከተማ፣ የልጅነት ደጃችን ላይ አደረሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እማዬ ታማ ከስታ ነበር። የወልዲያው ሐኪም ዓሣ አዘውትራ ትብላ ቢል፣ እሷ «ድስቴን እንዳታስነኩብኝ!» ብላ ማለች። ሹፌሩ አባዬ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከሐይቅ ዓሣ እየገዛ፣ የራሱን መጥበሻ ከመኪናው አውርዶ፣ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብስ ጀመር። ወንድ ልጅ ሲጠብስ! ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ በአጥሩ ብቅ ብላ፣

«አያ ታደሰ፣ ቀሚስ ላውስህ?» አለችው።

«ለሚስቴ የሚበጅ ከሆነ አምጪው፤ እለብሰዋለሁ!»

እንዲህ ያለ ወንድ በሰፈራችን አልነበረም፤ ዛሬም አይበዛም።

እሾሁን እየለቀመ አጎረሳት።

«ይኸው በላሁ፤ በቃህ?»

«አንድ ቀን በልቶ የሚጠና ሰው የለም። አንቺ ሳትሰለቺ ስትበዪ፣ እኔም ሳልሰለች ሳመጣ ነው።»

ያኔ ስለ ዓሣ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ለብዙ ወራት አመጣ፤ ኬላ ላይ ያሉት ወታደሮች እንኳ ሽታውን ለምደውት ነበር። እማዬም ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰች፣ ገበያ ወጣች።

አሁን አባዬ ወገቡን ታሞ መኪናውን ትቷል። ዓሣ ይዤ ስገባ ያንኑ ድስቷን ጥዳ የምትጠብቀኝ እማዬ ናት። እሾሁን ለቅማ ስታጎርሰው፣ እያላመጠ፣

«ድስትሽን አላስነካሁብሽም?» ይላታል።