በሚዛን የሸጥኩት መጽሐፍ

መጽሐፍን መጀመሪያ ያወቅሁት በሚዛን ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ላይ፣ ባለሱቆች አሮጌ ደብተርና መጽሐፍ በኪሎ ይገዙና ገጽ ገጹን እየገነጠሉ ቅመም ይጠቀልሉበት ነበር። ምን ተጽፎበታል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚታየው ወረቀቱ እንዳይሳሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ከስንት ዘመን በኋላ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ዋይትሆል ሰፈር ካለችው ሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ልጽፍ ስነሳ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደምጽፍ ሳይሆን ስንት ገጽ እንደሚወጣው ነው። የነጋዴ ጭንቅላት ነዋ። ይኸው ጭንቅላቴ በኋላ ጉድ ሠራኝ።

የምጽፈው ለአንድ ሰው ነበር፤ ለታላቅ እህቴ። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሷ አሥራ አምስት። ጉሊት ተቀምጣ ጨው፣ ክብሪትና ሳሙና እየሸጠች አሳደገችኝ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከጉሊት መልስ እየተማረች ከሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ቀድማ ማንበብ ቻለች። ደብዳቤ የመጣለት ጎረቤት ሁሉ ፖስታውን ይዞ እኛ ቤት ነበር የሚመጣው። እኔንም ሀሁ ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፣ በራችን ላይ በከሰል እየጻፈች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አይወጣትም፤ ግን ቃሉን አንድ በአንድ የምትቀምሰው ይመስላል። ይህ ልማድ አሜሪካ ድረስ ተከትሏት መጥቷል።

ከዚያ ዓይኗ ታመመ። ግላኮማ ነው አሉን። ሐኪሙ ጋ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ሰውዬው ረጋ ብሎ፣ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ለማቆየት እንደሚሞክሩ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ደግሞ እሱም እንደማያውቅ ነገረኝ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ደህና ነው። ጠብታውን እንዳታቋርጪ ነው የሚለው።»

«ይሄን ሁሉ አውርቶ?»

«ፈረንጅ ሲያወራ ያስረዝማል፣ እትዬ።»

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን ሳስርላት እጄን ያዝ አደረገችኝ። «ሰው ስታታልል ቀኝ ቅንድብህ ከፍ ይላል» አለች። «አሁንም ከፍ ብሏል።»

ሞተሩን አስነሳሁ።

«እጽፈዋለሁ እያልክ ዓመት ሙሉ የምታወራልኝን መጽሐፍ፣ የምርህን ከሆነ ቶሎ በል። ሳላነበው እንዳይጨልምብኝ።»

«ግድ የለም፣ እኔ አነብልሻለሁ።»

«አንተማ ትዘላለህ። ልጅ ሆነህም የከበደህን መስመር እየዘለልክ ነበር የምታነብልኝ። በራሴ ዓይን ነው የማነበው።»

ስልክ ላይ ፊደሉን አጉልተን እንሞክር ብላት ብርሃኑ ያቃጥለኛል አለች። ደግሞም ስልክ መጽሐፍ አይደለም አለች፤ እዚያ ላይ አልተከራከርኳትም።

እውነቷን ነው፤ ባነብላት ኖሮ እዘል ነበር። የምዘለው ነገር ነበረኝ። ዘመቻው ሲያበቃ በንባብ አንደኛ ወጥታ አንድ የተረት መጽሐፍ ተሸለመች። ሽፋኑ ላይ ግመል ተስሎበታል፤ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ጥለዋት የሄዱ ግመል ቤቷን ስትፈልግ የሚተርክ ነው። ቤታችን ውስጥ የነበረው መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር። እንዳያልቅባት በቀን ሁለት ገጽ ብቻ ነበር የምታነበው። እሷ ግማሹ ላይ ሳትደርስ፣ እኔ ከፍራሹ ሥር አውጥቼ ወሰድኩና ለቅመም ነጋዴው ሸጥኩት። ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገው፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ሁለት ብይና አንድ ከረሜላ ሰጠኝ። እህቴ ስትጠይቀኝ «አላየሁም» አልኳት። ቅንድቤ ምን እንዳደረገ እንግዲህ አላውቅም። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

ጻፍኩ። በረዶ ሲጥል ደንበኛ ይጠፋል፤ እኔም ዕቃ በሚመጣበት ወረቀት ጀርባ ላይ ስሞነጫጭር ከረምኩ። ጉሊቱን፣ የባቲን ገበያ፣ መርካቶ የጨርቅ ተራ ያሳለፍኩትን፣ እዚህ መጥቼ ሻርፕና በርበሬ፣ የስልክ ቻርጀርና ጀለቢያ በአንድ መደርደሪያ ላይ የደረደርኩበትን ሁሉ ጻፍኩ። ሱቄ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነች ዋጋ ስንከራከር አንዱ አውሮፕላን በላያችን ያልፋል፤ እስኪያልፍ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ብዙ ጊዜ ደንበኛው የሚሸነፈው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ይህንንም ጻፍኩ። የግመሏን መጽሐፍ መሸጤን ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ አስገባሁት። ምዕራፉ እንዳይጨፈግግ ብዬ ደግሞ መጨረሻው ላይ አንዲት ደስ የምትል ነገር ጨመርኩ፤ ያን ክረምት ሻያችን ቅርንፉድ በቅርንፉድ እንደነበር፣ ቤቱ እስከ በሩ ድረስ ይሸት እንደነበር። ጉሊቷ ቀንቷት መሆን አለበት ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉን በኮምፒውተር የለቀመችልኝ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈት ቤት የነበራት ሴት ናት። ማመልከቻና ክስ ስትጽፍ ኖራ፣ ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ አሁን ግሮቭፖርት ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ሺፍቷን ስትጨርስ የሚያብረቀርቀውን ሰደርያዋን ሳታወልቅ ትመጣና ሱቄ ጥግ ላፕቶፗን ትዘረጋለች። የእጅ ጽሑፌን መጀመሪያ ያየች ቀን «ጋሼ፣ ይሄን የጻፉት በእጅዎ ነው በእግርዎ?» አለችኝ። ጣቷ ግን ፊደሉ ላይ ሲሮጥ እንደ ዝናብ ነው።

ራስህ ጽፈህ ራስህ አሳትም የሚለውን ድረ ገጽ ከፈትን። ቋንቋ ምረጥ አለን። ዝርዝሩን ወረድን፣ ወጣን፤ አማርኛ የለም። ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ቋንቋ ሁሉ አለ፣ የኛ የለም። እኔ ላፕቶፑን ዝጊው አልኳት። እሷ ግን አልዘጋችውም፤ ሦስት ቀን ፈልጋ፣ ያለቀለት ፋይል ከተላከለት ምን ቋንቋ ነው ብሎ የማይጠይቅ፣ ቢፈልጉ ሺህ ቢፈልጉ አንድ ቅጂ የሚያትም ማተሚያ ቤት አገኘች። አንድ ቅጂ የሚለውን ያኔ ልብ አላልኩትም። ሺህ የሚለውን ነበር የሰማሁት።

ከዚያ የፊደሉ መጠን ላይ ደረስን።

«ለዓይን የሚመቸው አሥራ አራት ነው» አለች።

«ገጹ ስንት ይሆናል?»

ነገረችኝ። ማተሚያ ቤቱ የሚያስከፍለው በገጽ ነው።

«ስምንት አድርጊው» አልኩ።

«በስመአብ! ስምንት እኮ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። ማን አንብቦት ያውቃል?»

«ስምንት ተኩል።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሽንኩርት አይደለም። አሥራ ሦስት።»

«ያስወጣኛል።»

ላፕቶፗን ዘግታ ብድግ አለች። ይህችን ዘዴ መርካቶ ስንቴ ራሴ ሠርቻታለሁ። በሩን እስክትነካ ጠበቅኋትና «ዘጠኝ!» አልኩ።

ተመለሰች። «ይሁን። ገዝቶ ለሚያነብዎት ሰው ግን አዝንለታለሁ።»

አሸነፍኩ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማተሚያ ቤቱ መጀመሪያ የናሙና ቅጂ ልላክልህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አንድ ሜትር ጨርቅ በጣቴ ሳላሽ የማልገዛ ሰውዬ አልፈልግም አልኩ። የእህቴ ዓይን ነበር የሚያስቸኩለኝ። በየሳምንቱ ስጠይቃት ከመስኮቷ ማዶ ያለው ዛፍ እየራቀ እየራቀ ሄዷል ትለኝ ነበር።

ካርቶኑ ዓርብ ደረሰ። ከላይ ሁለት፣ አንዱን ለእሷ አንዱን ለራሴ አንስቼ፣ ከጁምዓ መልስ አፓርትመንቷ ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ማሻአላህ!» አለች። ሽፋኑን ዳበሰችው፣ አሸተተችው። ከፈተች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ትንሽ አራቀችው። አንድ ገጽ ገለጠች። ሌላ ገለጠች። «ወረቀቱ ደህና ነው» አለች። ደግሞ ገለጠች። «ቆንጆ አድርገህ ጽፈኸዋል።»

«ምኑን ወደድሽው?»

«አብሽር፣ ሁሉንም ነው። ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።»

የሷ ቅንድብ አይነሳም። ከንፈሯ ግን አንድ ጊዜም አልተንቀሳቀሰም።

ሻይ ጠጥቼ፣ ቀልጄ፣ ተሰናብቼ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ የራሴን ቅጂ ከፈትኩ። መነጽሬን አድርጌ እንኳ ያየሁት ጉንዳን ነው። ገጹ ሙሉ ጉንዳን። ሁለተኛ ጊዜ መጽሐፏን ወሰድኩባት ብዬ አሰብኩ፤ ያሁኑ ደግሞ በከረሜላ አይደለም፣ በጉብዝናዬ ነው።

እዚያው ሆኜ ጸሐፊዋን ኮል አደረግኳት።

«ፊደሉን ሃያ አራት አድርጊው።»

 «ጋሼ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሃያ ይበቃል።»

«ሃያ አራት።»

«ሃያ ሁለት እኮ ሕፃንም…»

«ሃያ አራት! መጨረሻዬ ነው።»

ከዚያ ለማን እንደሆነ ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ለማን እንደምጽፍ አልነገርኳትም ነበር። ለመሸጥ መስሏት ነበር፤ ማን ያስባል እኔ ለሌላ ነገር እጽፋለሁ ብሎ። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሉኝ ዘጠኝን አልቀበልም ነበር» አለች። በማግስቱ የዕረፍት ቀኗን መጥታ ዋለች። ገጹን ከሥር እስከ ላይ አፍርሳ ሠራችው፤ መስመሩን አራራቀችው፤ ወረቀቱንም ብርሃን የማይመልስ አስመረጠችኝ። ልከፍላት ስል «ይሄኛው የእህትዎ ነው» ብላ እጄን መለሰችው። ያን ጊዜ ነው አንድ ቅጂ ማተም ይቻላል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ሰው ዓይን ልክ።

የመጣው ጡብ ነው። የተጣጠፈ አንሶላ ያህል ይወፍራል። ትራስ ጭኗ ላይ አድርጌ በላዩ አስቀመጥኩላት። ከፈተች። አጎነበሰች። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዛፉን አየሁ። ቅርብ ነው፤ አሥር እርምጃ አይሆንም።

ቀን በቀን እያነበበች ወደ ፊት ሄደች። ስደውልላት የደረሰችበትን ትነግረኛለች፤ «ዛሬ ባቲ ነኝ»፣ «ዛሬ መርካቶ ልትገባ ነው»፤ ወደ ኋላ እየተመለሰችም የወደደችውን ትደግማለች። አንድ ቀን እሷው ደወለች። «ሰባተኛው ላይ ነኝ። ሱቅህን ዝጋና ና።»

ዘግቼ ሄድኩ። መጽሐፉ ጭኗ ላይ እንደተከፈተ ነው።

«ሁለት ብይና አንድ ከረሜላ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያን የሚያህል መጽሐፍ?»

«አዎ።»

«ተበልተሃል! ይሄን ነው እንግዲህ ነጋዴ እያልን የምናወራለት?» ሳቀች፤ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስታየኝ እሷም አቆመችና «አውቅ ነበር እኮ» አለች።

ያኔ እኔ መጽሐፉን በሸጥኩ በማግስቱ ቅመም ልትገዛ ብትሄድ፣ ነጋዴው ከግመሏ መጽሐፍ በተገነጠለ ገጽ ጠቅልሎ ሰጣት። የቀረውን ሽጥልኝ ብትለው «እኔ ቅመም እንጂ ወረቀት አልሸጥም» አላት። እሷም በየቀኑ ቅርንፉድ መግዛት ጀመረች፤ የሚጠቀለልበትን ያህል ብቻ፣ አንድ ቁንጥር። አንዳንድ ቀን ገጹ ይደርሳታል፤ አንዳንድ ቀን የማንም ተማሪ የሒሳብ ደብተር ይደርሳታል። ያገኘችውን በክር እየሰፋች አስቀመጠች።

«ቅርንፉዱንስ?» አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁት።

«የት ላድርገው? ሻይ ውስጥ ነዋ። አንተ ደግሞ ጉሊቷ ቀንቷት ነው ብለህ ጻፍክ።»

«ለምን አልተቆጣሽኝም?»

ገጹን በመዳፏ አስተኛችው። «የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ብይ ነበረው» አለች። «አንተ አልነበረህም። ሲጫወቱ ቆመህ ነበር የምታያቸው።»

አውሮፕላን አለፈ። ሁለታችንም ዝም አልን፤ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።

«መጨረሻው ግን ሳይደርሰኝ ቀረ» አለች ድምፁ ሲርቅ። «ግመሏ ወንዝ ዳር ደርሳ ቆማለች። ወንዙ ሞልቷል። ቤቷ ትግባ፣ አትግባ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ደራሲ ነኝ ካልክ አስገባት። ግን ቶሎ በል።»

«እሺ።»

«ደግሞ ፊደሉን እንዳታሳንሰው።»

ሱቄን ልከፍት ተመለስኩ። ጸሐፊዋ ሺፍቷን ጨርሳ መጥታ በር ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። አንድ ገጽ ይቀረናል ስላት «ጋሼ፣ አልቋል ብለን ስንቴ እንዝጋው?» ብላ እየተነጫነጨች ላፕቶፗን ዘረጋች። እኔም የዕቃ ወረቀት ገልብጬ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ደንበኛ ገብቶ ሻርፕ አነሳ፣ ገለበጠው፣ «ጋሼ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» አለኝ።

«ቆየኝ» አልኩት ቀና ሳልል፤ «ግመል እያሻገርኩ ነው።»