ኑ እስቲ፣ ውሃውን እንየው

ከንፋስ መውጫ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወርዱ አንድ የችግኝ ጣቢያ አለ። አጥሩ አሁን ያ የድሮው አይደለም እንጂ ቦታው ያው ነው። እኔ ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ነው፤ አፈር በወንፊት ስነፋ፣ የችግኝ ላስቲክ ስሞላ፣ ጽድና ኮሶ ሳጠጣ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር፤ ታላቁን ወንድ ልጁን ክርስትና አንስቼለት አበልጅ ሆንን። ይህን የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ስለ እሱ ለማውራት ግን ከሁለት አለቆች መጀመር አለብኝ።

የመጀመሪያው አለቃችን ከሌላ ወረዳ የመጣ ወጣት ነበር። ቀጭን፣ ሲናገር እንኳ ጆሮ ካላቀኑለት የማይሰማ። እኛን ታላላቆቹን «አያ» እያለ አንቱ ይለን ነበር። አንድ ጊዜ አበልጄ ውሃውን በመደቡ ላይ ለቆ ከሰው ጋር ወሬ ይዞ ቆየ። ሲመለስ አዲስ የተዘራው መደብ ታጥቦ ሄዷል። አለቃው መጣ፣ አየ። ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን የሚሆነውን እንጠብቃለን።

«አያ፣ ኑ እስቲ፣ ውሃውን እንየው» አለው።

ሁለቱ ቦዩን ተከትለው እስከ ምንጩ ወጡ። ኋላ አበልጄ እንደነገረኝ፣ አለቃው እዚያ ቁጢጥ ብሎ ከውሃው ላይ ቅጠል እየለቀመ ነው የወቀሰው። ወቀሳው ቀላል አልነበረም። «ግን ፊቴን አላየም፣ አበልጅ» አለኝ። «ዓይኔን ቢያየኝ ኖሮ አለቅስ ነበር።» ሲመለሱ እንደሄዱት ሆነው ተመለሱ፤ ማንም ምንም አልሰማም።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ያጠፋ ሁሉ ውሃ ያያል። የቀን ሠራተኞቹ ሴቶች አንዱ ከምንጩ ሲመለስ ካዩ አይለቁትም።

«ውሃው እንዴት ነው ዛሬ?»

«ደፍርሷል!» ይላል ያ የተወቀሰው፤ ሳቅ በሳቅ ይሆናል።

አበልጄ በዚያ ዘመን አንደበቱ ያማረ ሰው ነበር። የተጣላ ያስታርቃል፤ ወሰን የተገፋ እሱን ይጠራል። ማኅበር ስንጠጣ ቄሱ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ ምርቃቱ የእሱ ነው። ሲመርቅ የተዘራውን፣ የታጨደውን፣ በመንገድ ያለውን፣ በማሕፀን ያለውን አይረሳም። «አበልጅ፣ ያሳጥሩት እንጂ፤ ጠላው ሊሆመጥጥ ነው!» እለው ነበር። እሱ ግን ሆን ብሎ ያስረዝመዋል።

ያ አለቃ ተዛውሮ ሄደና ሌላ መጣ። ክፉ ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። ከበላዩ ያሉትን የሚፈራ ሰው ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ እጁ ወደ ታች ነው የሚረዝም። አንድ የኅዳር ማለዳ ውርጭ ጽዱን አቃጥሎት አደረ። መደቡን የምናለብሰው ሳር አልበቃም ነበር። በዚያው ቀን ከዞን እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። የአበልጄ ሴት ልጅ ያን ሰሞን ለአጨዳ ትምህርት ስለተዘጋ በቀን ሥራ ገብታ ከሴቶቹ ጋር አፈር ትነፋለች።

አለቃው በመደቦቹ መካከል ቆሞ ጮኸ። «ማነው ይህን ያደረገ?»

«ሳሩ እኮ አላዳረሰንም ጌታዬ…» አለ አበልጄ።

«ዝም በል! አንተ ምን ታውቃለህ? አንተን ከማዘዝ በሬ ማዘዝ ይሻላል!»

አንዱ ደንግጦም ይሁን ሌላ ሳቀ። የልጅቱ ወንፊት ቆመ። አበልጄ ወደ እሷ ዞሮ አየ፤ እሷ አንገቷን ደፋች። «እሺ ጌታዬ» አለና ማጠጫውን አንስቶ ሥራውን ቀጠለ። ምን ያድርግ፤ የልጆች አባት ነው።

በሚቀጥለው ማኅበር «እንግዲህ ይመርቁን» አልነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

ትሕትና መስሎን ነበር። ከዚያ ወሰን የተጋፉ ሰዎች ሊያስታርቃቸው ቢጠሩት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ።» በሬ ሊገዛ የሚሄድ ጎረቤት ቢያማክረው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ።» ሚስቱም ልጆቹ ሲጣሉ እንኳ ይህንኑ ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ እንደሚወጣ ነገረችኝ። ያ አለቃም በተራው ተዛወረ። ዛሬ ያን ማለዳ የሚያስታውሰው አይመስለኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነው ነገሩ። አበልጄ ጡረታ ወጣ፤ ቃሉ ግን አብሮት ቤቱ ገባ። እኔ እንኳ በልጆቼ ስቆጣ ያ የመጀመሪያው አለቃ ትዝ እያለኝ ወደ ጓሮ ይዣቸው እወጣለሁ። ሰው ካዘዘው ሰው ምን ምን ይዞ እንደሚቀር አዛዡ አያውቀውም።

ባለፈው ጥር ያቺ አፈር ስትነፋ የነበረችው ልጅ ልትዳር ሆነ። ሰርጉ ሲቃረብ እናቷ ቤቴ ድረስ መጣች። «አባቷ ሳይመርቃት ልትሄድብኝ ነው» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «እርስዎ ካልነገሩት ማን ይነግረዋል?»

ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት።

«ተዉኝ አበልጅ» አለኝ ገና ስጀምር። «እኔ ምን አውቃለሁ። ቄሱ ይመርቋት።»

«ቄሱ ወልደዋታል?»

ነጠላውን ወደ ትከሻው መለሰ። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያን ቀን እዚያ ነበረች» አለ። «የበሬ ምርቃት ምን ይሆናታል?»

ትቼው ተመለስኩ። ቤቴ ስገባ ልጄን ያን የመጀመሪያውን አለቃ በስልክ ፈልግልኝ አልኩት። እስቴ እንደሚኖር ሰምቼ ነበር። ልጄ ሰው በሰው ጠይቆ አገናኘኝ። ሁሉንም ነገርኩት። «እመጣለሁ አያ» አለ።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት ደረሰ። ያ ቀጭን ወጣት ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል። አበልጄ ከዳሱ ብድግ አለ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

«አያ፣ ኑ እስቲ፣ ውሃውን እንየው» አለው።

«ምነው፣ በልጄ ሰርግ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለ አበልጄ።

የምናውቅ ሳቅን። ከስንት ዘመን በኋላ የሰማሁት ቀልዱ ነበር።

ከቤቱ ጓሮ የመስኖ ቦይ ታልፋለች፤ ወደዚያ ወረዱ። ከሩቅ አያቸዋለሁ። አለቃው ቁጢጥ ብሎ ቅጠል ይለቅማል። አበልጄ ቆሞ ቆየና እሱም ቁጢጥ አለ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

ሲመለሱ ሚዜዎቹ «መኪናው ቆሟል፣ ቶሎ በሉ!» እያሉ ይጣደፋሉ። ልጅቱ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች። አበልጄ እጁን ራሷ ላይ አኖረ።

«እግዚአብሔር…» አለ።

ቀጥሎ ያለው አልወጣም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «እግዚአብሔር…» አለ እንደገና። ያ ረጅም ምርቃት በቃሌ ነው የማውቀው፤ ልነግረው አስቤ ተውኩት። አለቃው ከጀርባዬ መሬት መሬቱን ያያል። ሚዜዎቹም መጣደፋቸውን ተዉ።

ያኔ ልጅቱ ከጉልበቱ ሥር ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አሜን» አለች።

እናቷ ተከተለች። ቀጥሎ ዳሱ ሁሉ «አሜን» አለ። እሱ ያለ ድምፅ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ እሷ አሜን ትላለች። ደግሞ ያንቀሳቅሳል፣ ደግሞ አሜን ትላለች። እንደ ድሮው ረጅም ነበር። ሊሆመጥጥ ነው ያለ ግን የለም።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ አለቃውን እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ቦይዋ አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

«ዘገየሁ፣ አያ» አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ፊቱን አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ከውሃው ላይ ቅጠል መልቀም ጀመርኩ።