ከፎቶው የቆረጥኳት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ አቆማለሁ። "ሌላስ?" ሲሉኝ "ይኸው ነው አባ" እላለሁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ስለ አንድ ፎቶግራፍ አስተያየት ሰጠሁ፣ በቃ። ግን አስተያየቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። የጎዳሁትም ከማንም አስበልጬ የምወዳቸውን ሁለት ሰዎች ነው፤ ባለቤቴን የሺን እና ጓደኛዬን ሲሳይን።

ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ እኔና ሲሳይ ላፍቶ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ፎቶ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። እሱ ያነሣል፣ እኔ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጥባለሁ፣ አትማለሁ። በሥራ ቀን የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ክርስትና። ሲሳይ ግን ከሥራ ሲወጣ ያቺን አሮጌ የራሺያ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ ይዞራል። ሳሪስ ይሄዳል፣ ጎፋ ይሄዳል፣ መካኒሳ ይሄዳል። ማንም ያላዘዘውን፣ ማንም የማይገዛውን ፎቶ ያነሣል፤ ታክሲ ሲጠብቅ እንቅልፍ የጣለው ሰው፣ ዝናብ ሲመጣ ቲማቲሟን በነጠላዋ የምትሸፍን የጉልት ነጋዴ።

እሱን አይቼ እኔም ማንሣት ጀመርኩ። አንዱ ያነሣውን ለሌላው ማሳየት፣ ሌላው ደግሞ ያለ ይሉኝታ የመሰለውን መናገር ልማዳችን ሆነ። ሲሳይ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋና "በል ፍረድ" ይለኛል። የኔ ተራ ሲደርስ እሱም አይምርም። አንድ ቀን መካኒሳ ገበያ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አይቶ ሲያበቃ "ግርማ፣ ሰው ትፈራለህ እንዴ?" አለኝ። "ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውሃል። ጠጋ በል፣ ሰላም በላቸው፣ ከዚያ አንሣ።"

ተናድጄ አኮረፍኩት። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን እንዳለኝ ተጠጋሁ። ከዚያ ወዲህ ፎቶዎቼ ውስጥ የሰው ፊት መታየት ጀመረ። ሲሳይ እውነቱን የሚነግረኝ ስለሚወደኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር እላችኋለሁ! ታዲያ እንዲህ ያለ እውነት የተቀበልኩ ሰው እኔ ምን መለስኩለት?

የሺን ገና ማግባቴ ነበር። ነፋስ ስልክ አካባቢ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ልጅ ሳለች ወድቃ ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቿ አንዱ ወልቋል። ስትስቅ ታዲያ በእጇ ጀርባ አፏን ትሸፍናለች። ሰው ፊት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? እኔም ጋ ትሸፍናለች። "የኔ ቆንጆ፣ ከኔም ትደብቂያለሽ?" ስላት ሳቋ ይብስባትና ፊቷን ትራስ ውስጥ ትቀብራለች። ስትለምደኝ ትተወዋለች ብዬ እጠብቅ ነበር። በጉጉት እጠብቅ ነበር።

አንድ የክረምት ቀን ሲሳይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ እየሮጠ ገባ።

"ቶሎ እጠብልኝ። ዛሬ አንድ ነገር አግኝቻለሁ።"

አጥቤ አተምኩት። ወረቀቱ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሆኖ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ በቀዩ መብራት አየሁት። የፋብሪካው በር ነው፣ ሠራተኛ የሚወጣበት ሰዓት። ሚኒባስ ኩሬውን ረግጦ ሲያልፍ አራት ሴቶች ላይ ውኃ ረጭቷል። ሦስቱ ተቃቅፈው እየተንጫጩ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። አራተኛዋ፣ በግራ ጫፍ ያለችው፣ የሺ ናት። በአንድ እጇ ጫማዋን አንጠልጥላለች፣ ሌላውን እጇን ከሦስቱ ቅርቧ ባለችው ጓደኛዋ ጽጌ ትከሻ ላይ ጥላለች። ራሷን ወደ ኋላ ለቃ ትስቃለች። አፏን አልሸፈነችም። የወለቀው ጥርሷ ቦታ ወለል ብሎ ይታያል፤ ደግሞ እንዴት እንዳማረባት! ፎቶውን ፎቶ ያደረገችው እሷ ነበረች። ይህን ገና ወረቀቱ ሳይደርቅ አውቄዋለሁ።

ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ሚስቴ እንዲህ አምራ ሳያት ለምን ከፋኝ? ለኔ የነፈገችኝን ሳቅ መንገድ ላይ፣ ለጽጌ፣ ለጭቃ ውኃ ሰጠችው ብዬ ነዋ! ሲሳይን ጠርጥሬው አልነበረም። በሳቋ ነው የቀናሁት። ሰው በሚስቱ ሳቅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ሲሳይ ፎቶው እስኪደርቅ አላስቻለውም። ውኃው እየተንጠባጠበ ይዞት ወጣና "የሺን አየሃት? አየሃት ወይ?" እያለ ይዞራል። ለኔ ስጦታ ያመጣ ያህል ነው ደስ ያለው። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ወጣቶች በቀበሌው አዳራሽ የፎቶ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጁ ነበርና እሱም ይህን ሊያቀርብ አስቧል። እንደ ልማዳችን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

"በል ፍረድ።"

አንገቴን ዘመም አድርጌ ብዙ ቆየሁ። የማስብ መስዬ ነው።

"ግራው ከብዷል" አልኩት።

"ማለት?"

"የሺ ዓይን ትበትናለች። ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው፣ እሷ ለብቻዋ ወደ ውጭ ትስበናለች። ትውጣ።"

"ኧረ ሚስትህ እኮ ናት!" አለ እየሳቀ።

"ስለዚህ ነው ሳላዳላ የምነግርህ።"

ሲሳይ መሳቁን ተወ። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ። "አንተ ካልክ እሺ" አለ። እንዲህ ነበር የሚያምነኝ። ያልኩት ሁሉ በሙያው ዓይን ያስኬዳል። ውሸቴን የሠራሁት እሱ ራሱ ባስተማረኝ ቋንቋ ነው። ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈራሁና ወዲያው ጨለማ ክፍል ተመልሼ ገባሁ። ግራውን ከወረቀቱ አውጥቼ እንደገና አተምኩት። እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ሚስቴን ከፎቶው የቆረጥኳት። ጽጌ ትከሻ ላይ ያለውን እጇን ግን ማውጣት አልቻልኩም። ባለቤት የሌለው እጅ ሆኖ እዚያው ቀረ።

የፋብሪካው ሴቶች ሲሳይ ሲያነሣቸው አይተውት ነበርና የኤግዚቢሽኑ ቀን አጊጠው መጡ። የሺም ለበዓል የምታወጣትን ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች። ጽጌ ቀድማ ሄዳ ፎቶውን አገኘችው።

"ውይ! እኔን ተመልከቱኝ እስቲ!" ካለች በኋላ ቀረብ ብላ "ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው?" አለች።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። የሺ ተጠግታ አየችና ዝቅ ባለ ድምፅ "የኔ ነው" አለች።

በእንግድነት የተጋበዙ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ነበሩ። እሳቸውም ፎቶው ፊት ብዙ ቆመው ሲሳይን ጠሩት።

"ልጄ፣ ጥሩ ዓይን አለህ። ግን የዚህ እጅ ባለቤት የታለች? ነገሩ ያለው እሷ ጋ ነበር። ማነው የቆረጣት?"

ሁላችንም እዚያው ቆመናል። ሲሳይ ዞር ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ፊቴ ላይ ሁሉንም ነገር እንዳነበበው እርግጠኛ ነኝ። የሺንም አያት። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ "እኔ ነኝ ጋሼ። ተሳስቼ ነው" አለ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጥፋቴን ሲሸከምልኝ ቆሜ አየሁ።

ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤት ስንመለስ የሺ "ጥርሴ ነው አይደል?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ያስቆረጠኝ። አስቀያሚ ሆኜበት ነው።"

እዚያ ላይ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። "እኔ ነኝ" ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን "እኔ እንጃ፣ ሲሳይን ጠይቂው" አልኳት። የመጀመሪያውን በቅናት ሠራሁት እንበል። ይህኛውንስ በምን ሠራሁት?

ሲሳይን አልጠየቀችውም። ሠርግ በሌለበት እሑድ ሁሉ እኛ ቤት ነበር ምሳ የሚበላው፤ የሺም "ሽሮዬን እንደ ሲሳይ የሚያውቅልኝ የለም" ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ሰላም ትለውና ምሳውን አቅርባለት ጓዳ ትገባለች። ሲሳይም እየዋለ እያደረ መምጣቱን ተወ። ትንሽ ቆይቶ ናዝሬት የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ሲሄድ አቅፎኝ ስሞኝ ነው የሄደው፤ ስለ ፎቶው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የሺ በኋላ ጥርሷን አስተክላለች። ካሜራ ስታይ ግን ዛሬም ትሸሻለች። የልጆቻችንን አልበም ብትከፍቱት፣ ልደት ነው፣ ክርስትና ነው፣ ምረቃ ነው፤ እናታቸው ወይ ከንፈሯን ገጥማለች ወይ ከሰው ጀርባ ቆማለች ወይ ጭራሽ የለችም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሳቅ ሲያትም የኖረ ሰው ቤት ውስጥ!

አሁን የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። በቅርቡ ሴት ልጃችንን ስንድር ሲሳይ ከናዝሬት መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። የሺ እንደ ማንኛውም እንግዳ በጨዋ ደንብ አስተናገደችው። ታክሲ ላሳፍረው ስወርድ ደረጃው ላይ አላስችል አለኝና ክንዱን ያዝኩት።

"ለምን አልነገርካትም?" አልኩት።

ምኑን ብሎ አልጠየቀኝም። "ጓደኛዬ ነሃ" አለ። "ደግሞ ራስህ ትነግራታለህ ብዬ ነው። ትንሽ ቆየህ እንጂ።" ይህን ብሎ ሳቀ። ያን ሁሉ ዘመን "ትንሽ" ብሎ አሳጠረልኝ። "የፊልሙ ኔጋቲቭ እኔ ጋ ነው፣ ሙሉው። አንተ ሳትነግራት እኔ ባሳያት ግን ደግ አይሆንም።"

ልጅ ነበርኩ፣ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። ውሸት ነው። ሙሉ ሰው ነበርኩ። ምን እንደምሠራም አውቅ ነበር። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን ከማንም በፊት የምታነበው የሺ ናት።

የሺዬ፣ ጥርስሽ አልነበረም። ሲሳይም አልነበረም። እኔ ነኝ። ብትፈልጊ ተቆጪኝ፣ ብትፈልጊ አኩርፊኝ፣ የኔ ጉዳይ አያስቸኩልም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ መጀመሪያ ለሲሳይ ደውዪለትና እሑድ ምሳ ጥሪው።