ሲጠብቅ የሚሰፋ ቀሚስ

ሰፈሩ በሙሉ «አባ ዩኒፎርም» ይለዋል። ቢቀየም አይፈረድበትም ነበር፤ እሱ ግን አልተቀየመም፤ ስሙ ልኩ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማሪ ሸሚዝ፣ የዘበኛ ካፖርት፣ የሾፌር ሱሪ ሲሰፋ ኖሯል። እጁ ከመልመዱ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ኪስ ይሰፋል።

ጣጣው የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሱሪዎቿን ሁሉ እሱ ዘንድ የምታሰፋው የአውቶቡስ ሾፌር አንድ ጥቅል ጨርቅ በብብቷ ሸጉጣ ገባች።

«ጋሼ፣ ጡረታ ልወጣ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ይሸኙኛል። ቀሚስ ስፋልኝ።»

«ምን ዓይነት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሱሪ ያልሆነ!»

ጥቅሉን ፈታችው። አረንጓዴ ነው፤ እንደ ውሃ ከእጅ ያመልጣል። አሥራ አንድ ዓመት ሻንጣ ውስጥ ቆጥባው ኖራለች። «ሻጩ የመጨረሻው ነው ብሎኝ ነበር፤ ሌላ አይገኝም። አደራህን።»

ይቺ «አደራ» የምትል ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ወረቀት ላይ ቀሚስ ልሳል ሲል እርሳሱ የቀበቶ ማስገቢያ ይሠራል። ሦስተኛው ሥዕል ላይ የደረት ኪስ ብቻ ሳይሆን የስም መለያ ቦታም ተጨመረ። አንደኛ ክፍል የምታስተምረው ባለቤቱ በትከሻው ላይ አሻግራ አየችና፣ «ይሄ ቀሚስ ትኬት ይቆርጣል እንዴ?» አለችው።

በማግስቱ የብስኩት ጣሳ ይዛለት መጣች። በውስጡ የተጣጠፉ ወረቀቶች ሞልተውበታል።

«ተማሪዎቼ ምን እንጻፍ ብለው ሲደርቁብኝ የማደርገው ነው። በየጠዋቱ አንድ ዕጣ ታወጣለህ፤ በወጣልህ ቃል ከቁርጥራጭ ጨርቅ መዳፍ የምታህል ነገር ትሰፋለህ። ማሰብ የለም፣ እጅህ ያስብ። ዕጣ መመለስም የለም።»

«በዚህ ዕድሜዬ አንደኛ ክፍል ልታስገቢኝ?»

«እሱም ከተቀበልኩህ ነው።»

የመጀመሪያው ቀን «ዝናብ» ወጣ። እያጉረመረመ ሰማያዊ ክሮች እጨርቅ ላይ አንጠልጥሎ ተወው። በሁለተኛው ቀን «ሐሜት» ሲወጣለት ብቻውን እየሳቀ ሁለት አፍ ያለው ኪስ ሰፋ፤ በአንዱ የገባው በሌላው የሚወጣ። «ትዕግሥት» የወጣ ዕለት ደግሞ ትዕግሥቱ አልቆ መርፌውን ወረወረው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጣሳውን ሳይከፍት ሻይ አልጠጣም የሚል ሰው ሆነ። እጁ ተፍታታ። አረንጓዴውን ጨርቅ ብቻ መቀስ ማስነካት አልደፈረም። የተቆረጠ አይመለስማ!

የመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ ደረሰ። ጣሳው ውስጥ የቀረችው አንዲት ወረቀት ናት። ዘረጋት። «ሰፊ» ትላለች።

ሰፊ! ሜዳ ታየው፣ አውራ ጎዳና ታየው። ከሁሉ በላይ ግን ያ ትልቁ መሪ ታየው፤ ሾፌሯ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ እንደ ዘመድ አቅፋ የምታዞረው ክብ መሪ። ጨርቁን አራት አጠፈ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ መቀሱን ለቀቀበት። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ከወገብ በታች ክብ፣ ጨርቁ እስኪያልቅ ድረስ ክብ። ሲጨርስ የተረፈው ለመሐረብ እንኳ አይበቃም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ገባች። «ዛሬስ ምን ወጣልህ?»

«ሰፊ!» አለ፣ «ፊ»ን ጠበቅ አድርጎ።

«ምን? ኧረ አንተ ሰው! እኔ እኮ አላልቼ ነው የጻፍኩት! ልብስ ሰፊ! ማን እንደሆንክ ትዝ እንዲልህ ብዬ!»

«ታዲያ መላላቱ የቱ ጋ ተጽፏል?»

«አይጻፍማ! ሲላላ አንተ ነህ፣ ሲጠብቅ እንደ ሜዳ ሰፊ ነው።»

«ሲጠብቅ የሚሰፋ! በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንዲህ ያለ ልብስ ገጥሞኝ አያውቅም!» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። አረንጓዴው ጨርቅ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተንሰራፍቷል። የሰው የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባ፣ በንባብ ስህተት!

ሌላ ጨርቅ የለምና የቆረጠውን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰፋ አደረ። አርብ ሾፌሯ ልትለካ መጣች። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ጠረጴዛው ላይ በቀረችው የዕጣ ወረቀት ላይ ነው።

«ሰፊ...» አለች አጥብቃ፣ ወገቧን ይዛ። «ይሄ እኔን ነው?»

«ኧረ እኔን ነው እህቴ! እኔን!»

አጠገቡ የነበረችው ባለቤቱ ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ያዘች።

ሾፌሯ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ወጣች። መስተዋቱን ዞር ብላም አላየችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጆቿን ዘርግታ የሌለ መሪ ወደ ግራ አዞረች፣ የሌለ ፍሬን ረገጠች። ቀሚሱ አብሯት ዞረ፤ የትም አልያዛትም። ከዚያ እጇ ጎኗ ላይ ያለውን ኪስ አገኘና በአንዱ አፍ ገብቶ በሌላው ወጣ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሐሜት ነው።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጋሼ፣ ይሄን እያወቅክ ነው ያን ሁሉ ሱሪ ያለበስከኝ?»

ቅዳሜ በቀትር አውቶቡሱ ሱቁ ደጅ ቆሞ ጡሩምባውን አስጮኸ። «ግቡ እንጂ! የመጨረሻ ጉዞዬ ነው!» ትላለች ከመሪው ጀርባ። የአረንጓዴው ቀሚስ ጫፍ በበሯ ተይዞ ውጭ ይውለበለባል።

«ጫፉን! ጫፉን!» እያለ ሮጠ።

«ሰፊ ነዋ ጋሼ!»

«ጠብቆ ነው ላልቶ?» አለች ባለቤቱ ከኋላው እየተከተለች።

እሱ በሩን ከፍቶ አቧራውን እያራገፈ ነበር። «ሁለቱም፤» አለና ጫፉን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ መለሰላት።